ማርች ሲገባ አሎትመንቱ ላይ ከየት ይጀመራል?

እንግሊዝ አገር ማርች ላይ አንድ ፀሐያማ ቅዳሜ አይጠፋም። ክረምቱን ሙሉ ሼዱን ከፍቶ የማያውቅ ሰው ሁሉ በዚያች ቀን ዶማውን ይዞ ብቅ ይላል። ማታ ወገቡን ይዞ ይገባል። በነጋታው ዝናብ፣ በሳምንቱ ውርጭ ይመጣል። የተዘራው በስብሶ ይቀርና እንደገና ዘር ይገዛል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይሄኔ ነው።

ከዚህ በታች ያለው ከየካቲት ማብቂያ እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ የሚሠራው ሥራ ነው፣ በቅደም ተከተሉ። ቀኖቹ ለንደንንና ደቡብ እንግሊዝን ታሳቢ ያደረጉ ናቸው። ሊድስ ወይም ግላስጎው ያላችሁ ሁለት ሳምንት ያህል ጨምሩበት። ለማንኛውም የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው አፈሩ ነው። የዘር ፓኬቱ «ከፌብሩዋሪ ጀምሮ ይዘራል» ቢልም ፓኬቱ የእናንተን መሬት አላየውም።

አሎትመንት ለማያውቅ፦ በአብዛኛው ካውንስል በትንሽ ኪራይ የሚሰጠው የአትክልት መሬት ነው። ካውንስሎች ፈላጊ ሲኖር መሬት እንዲያዘጋጁ የሚያዝዘው ሕግ የ1908 ነው። ሙሉ ቦታ የሚባለው በልማድ 250 ካሬ ሜትር ግድም ነው። ዛሬ ለአዲስ ሰው የሚሰጠው ብዙ ጊዜ ግማሹ ወይም ከዚያ ያነሰ ነው፤ ለአንድ ቤተሰብ ደግሞ እሱም ይበቃል። ለንደን ውስጥ ወረፋው ረጅም ስለሆነ ስማችሁን ዛሬውኑ አስመዝግቡ። ከደረሳችሁ በኋላ መሬቱን ጦም ካሳደራችሁት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይመጣል።

1. መጀመሪያ አፈሩን ጨብጡት

የለንደን መሬት አብዛኛው ሸክላ ነው። ውኃውን ጠጥቶ ይከርማል። እርጥብ ሸክላ ላይ ስትራመዱ ወይም ስትቆፍሩ በውስጡ ያለው አየር ተጨምቆ ይወጣል። በኋላ ሲደርቅ ዶማ አይበግረውም፣ ሥርም አያልፈውም። በአንድ ቅዳሜ የተረገጠ መደብ በጋውን ሙሉ ያስቸግራል።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። ከላይ ካለው ሳይሆን ከ10 ሳንቲሜትር ጥልቀት አንድ እፍኝ አፈር አውጡ። ጠበቅ አድርጋችሁ ጨብጡትና እጃችሁን ክፈቱ። የተጨበጠውን በአውራ ጣት ገፋ አድርጉት። ከተፈረፈረ ሥራ መጀመር ይቻላል። ጣታችሁ ምልክት ትቶበት ካለፈ፣ ካብለጨለጨና ከተላቆጠ፣ ወደ ቤት ተመለሱ። አፈሩ ጫማችሁ ሥር እየተለጠፈ ከመጣማ ፈተናውም አያስፈልግ።

ሁለተኛው ምልክት አረም ነው። ባዶው መደብ ላይ ጥቃቅን ቡቃያ ማቆጥቆጥ ሲጀምር መሬቱ ሞቋል ማለት ነው። አረም የማይበቅልበት መሬት ላይ ካሮት ይበቅላል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው።

እስከዚያ ድረስ ሥራ የለም ማለት አይደለም። ሼዱን አጽዱ። መኮትኮቻውን ሞርዱ። የችግኝ ማፍያ ሳህኖችን በሳሙና እጠቡ። የዝናብ ውኃ ማጠራቀሚያ በርሜሉ ከጣሪያው አሸንዳ ጋር መገጣጠሙን እዩ፣ ምክንያቱም ብዙ ቦታ የጋራ ቧንቧው ለክረምት እንደተዘጋ ይቆያል። ድንቹን ደግሞ ዛሬውኑ ለማጎንቆል አስቀምጡ፤ እሱን ዝቅ ብዬ አመጣዋለሁ።

2. አረሙን በየስሙ ለዩት

አረም ሁሉ አንድ አይደለም። የአንድ ዓመት የሆነውን በመኮትኮቻ ቆረጥ አድርጎ ፀሐይ ላይ መተው ይበቃል። ነፍስ የሚያወጣው ሥሩ ከዓመት ዓመት የሚኖረው ነው።

እዚህ አገር ሁለቱን እወቋቸው። አንደኛው ካውች ግራስ የሚሉት ሣር ነው። ጠባዩ የአገር ቤቱን ሰርዶ ነው፤ ጫፉ ሹል የሆነ ነጭ ሥር በመሬት ውስጥ እየተሳበ ይሄዳል። ሁለተኛው ባይንድዊድ ነው። ሲቆፈር ሥሩ እንደ ተቀቀለ ፓስታ ነጭ ሆኖ ይወጣል፣ ስትስቡትም ቀጭ ብሎ ይቆረጣል። ችግሩ እዚያ ላይ ነው። የተቆረጠችው እያንዳንዷ ቁራጭ አዲስ ተክል ትሆናለች። ስለዚህ እነዚህ ባሉበት መሬት ላይ የሞተር ማረሻ ተከራይታችሁ እንዳትገቡ። ከሰዓት በኋላ መሬቱ ያማረ ይመስላል፣ ሜይ ላይ ግን አንዱ አረም መቶ ሆኖ ይጠብቃችኋል።

በባለ ጣት መቆፈሪያ፣ ማለትም በፎርክ፣ ቀስ እያላችሁ አፈሩን ከሥር አላሉ። ሥሩን በእጃችሁ ተከትላችሁ አውጡ። የወጣውን ኮምፖስት ክምር ላይ አትጣሉት። ባልዲ ውኃ ውስጥ ነክራችሁ ክዳን አድርጉበት፤ ከአንድ ወር በላይ ቆይቶ ሲበሰብስ (ሽታው ለጎረቤት አይመከርም) ያኔ ክምሩ ላይ ይደፋል።

መሬቱን ገና ከተረከባችሁና ሁሉም አረም ከሆነ፣ ሁሉንም በአንድ ጸደይ እናጽዳ አትበሉ። ሲሶውን አጽዱና ዝሩበት። የቀረውን ብርሃን በማያሳልፍ ጥቁር ሸራ ሸፍናችሁ ዳርዳሩን በድንጋይ ተጫኑት። አሮጌ ምንጣፍ ግን አታንጥፉ፤ ብዙ ካውንስሎች ይከለክላሉ፣ ክሩም ከአፈር ጋር ተቀላቅሎ አይወጣም።

3. ፍጉን ሳትፈትኑ አትበትኑ

ሸክላ መሬት ፍግና ኮምፖስት ይወዳል። ማርች ላይ በደንብ የበሰበሰ ፍግ አምስት ሳንቲሜትር ያህል መደቡ ላይ ደልድሉ። መገልበጥ አያስፈልግም፤ የምድር ትሎች ወደ ታች ያወርዱታል። ትኩስ ፍግ የሆነ እንደሆነ ግን ሥር ያቃጥላል፤ ከምራችሁት ይክረም።

ፈረስ ቤቶች ፍጋቸውን በነፃ ይሰጣሉ፣ አንዳንዴ በር ድረስ ያመጡላችኋል። ደስ ይላል፤ ነገር ግን አንድ አደጋ አለው። አሚኖፒራሊድ የሚባል የአረም ማጥፊያ አለ፣ የግጦሽ ሣር ላይ የሚረጭ። ፈረሱ ድርቆሹን ይበላል፣ መድኃኒቱ በሆዱ አልፎ ከፍጉ ጋር ይወጣል፣ ክምሩ ውስጥም ለወራት ይቆያል። ሣርን አይነካም። ባቄላን፣ ድንችንና ቲማቲምን ግን ያጣምማል። በ2008 በብሪታንያ ብዙ አሎትመንቶች ላይ ጉዳት ያደረሰው ይኸው ነው።

ፈተናው ቀላል ነው፣ ወጪውም ጥቂት ፍሬ ባቄላ። ሦስት ማሰሮ ላይ ፍጉን ከተገዛ የችግኝ አፈር ጋር እኩል ደባልቃችሁ ሙሉ። ሌላ ሦስት ማሰሮ በችግኝ አፈሩ ብቻ ሙሉ። በየማሰሮው ሁለት ባቄላ ዝሩ። መስኮት ዳር አስቀምጡና ሦስት አራት ሳምንት ጠብቁ። ሦስተኛውና አራተኛው ቅጠል ሲወጣ ሁለቱን ጎን ለጎን እዩ። ፍግ ያለባቸው ቅጠላቸው ወደ ውስጥ ከተጠቀለለ፣ አንገታቸው ከተጣመመ፣ ያ ፍግ መደባችሁ ላይ አይድረስ። እኩል ከሆኑ በትኑት። ሰጪውንም ድርቆሹ ምን እንደተረጨበት መጠየቅ ነውር አይደለም።

ኖራ የምትጨምሩ ከሆነ ጎመን በሚተከልበት መደብ ላይ ብቻ ጨምሩ። ከፍግ ጋር በአንድ ጊዜ አይሁን፤ ሲገናኙ ናይትሮጂኑ በአየር ላይ ይጠፋል። ድንች መደብ ላይ ደግሞ ጭራሽ አይደረግም፣ ልጣጩን እከክ ያወጣበታል።

4. ድንች፦ እንቁላል ካርቶን ላይ ይጀመራል

የዘር ድንች ግዙ፣ በሽታ የሌለበት መሆኑ የተመሰከረለትን። ከሱፐርማርኬት የገዛችሁትን የወጥ ድንች መትከል ያጓጓል፤ ቫይረስ ይዞ ሊመጣ ስለሚችል ግን ይቅር።

ለትንሽ ቦታ ምክሬ አንድ ነው። ቶሎ የሚደርሰውን ዓይነት ትከሉ፣ የመኸሩን ተዉት። የመኸሩ ድንች ሱቅ ውስጥ ርካሽ ነው፣ ቦታውን እስከ ሴፕቴምበር ይይዛል፣ ኦገስት ላይ ደግሞ ብላይት የሚባለው በሽታ ቅጠሉን በሳምንት ውስጥ ያጠቁረዋል። ቶሎ የሚደርሰው በሽታው ሳይመጣ ወጥቶ ተበልቷል። ሮኬትና ስዊፍት ቀደምቶቹ ናቸው። ለአልጫ የምትፈልጉት ከሆነ ግን ቻርሎት ይሻላል፤ ትንሽ ቢዘገይም ወጥ ውስጥ አይፈርስም። የግድ የመኸር ድንች ካላችሁ ብላይትን የሚቋቋመውን ሳርፖ ሚራን ፈልጉ።

ድንቹን እንቁላል ካርቶን ውስጥ አንድ በአንድ አቁሙት። ብዙ ዓይን ያለበት ጫፍ ወደ ላይ ይሁን። ብርሃን ያለው፣ የማይሞቅ፣ ውርጭ የማይገባበት ቦታ ይፈልጋል፤ ማሞቂያ የሌለው ክፍል መስኮት ደህና ነው። ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ውስጥ አጭር፣ ወፍራም፣ ጠቆር ያለ ቡቃያ ያወጣል። ረጅምና ነጭ ሆኖ ከወጣ ብርሃን አንሶታል፤ እንዲህ ያለው ሲተከል ይቀነጠሳል። ቡቃያው ሁለት ሦስት ሳንቲሜትር ሲሆን ለመትከል ደርሷል።

ተከላው ከማርች መጨረሻ ጀምሮ ነው። እንግሊዞች በእነሱ ስቅለት ቀን ድንች የመትከል የቆየ ልማድ አላቸው። በዓሉ ግን በየዓመቱ ቦታውን ስለሚቀያይር እኔ አፈሩን መጨበጥ እመርጣለሁ። ከ10 እስከ 15 ሳንቲሜትር ጥልቀት ያለው ቦይ አውጡ። ድንቹን ቡቃያው ወደ ላይ እንዳለ በ30 ሳንቲሜትር ርቀት አስቀምጡ። በመስመርና በመስመር መካከል 60 ሳንቲሜትር ይሁን። አፈሩን ሳትጠቀጥቁ መልሱት። ቅጠሉ 20 ሳንቲሜትር ሲደርስ ከግራና ከቀኝ አፈር አስታቅፉት። ውርጭ የሚመጣ ከሆነ ያንኑ አፈር ቅጠሉ ላይ ማልበስ ነው፤ ሰብሮት ይወጣል።

ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት በኋላ አንዱን ቆፍራችሁ እዩ። ለሁዳዴ አይደርስም፣ ለሰኔ ጾም ግን ይደርሳል።

5. ባቄላ

የእንግሊዝ ብሮድ ቢን የእኛው ባቄላ ነው፣ ፍሬው ብቻ ገዘፍ ይላል። ብርድ የማይፈራ በመሆኑ መሬት ላይ በቀጥታ የሚዘራ የመጀመሪያው ሰብል እሱ ነው። ኖቬምበር ላይ የዘራችሁ አሁን ቡቃያውን አርማችሁ ጠብቁ። ያልዘራችሁ ማርችን ሙሉ ጊዜ አላችሁ።

አምስት ሳንቲሜትር ጥልቀት፣ ከፍሬ ፍሬ 20 ሳንቲሜትር፣ ሁለት መስመር ጎን ለጎን። መስመሩ ጫፍ ላይ አምስት ስድስት ፍሬ ጨምራችሁ ዝሩ፣ የቀረባችሁን ክፍተት ትሞሉበታላችሁ። አይጥ የሚያስቸግር ቦታ ከሆነ ማሰሮ ላይ አብቅሎ ማዛወር ይሻላል፤ አይጥ የተዘራ ባቄላ ከሰው ቀድማ ታገኛለች።

በኋላ ሜይ ላይ ጥቁር ክሽክሽ ለምለሙ ጫፍ ላይ ይሰፍራል። የታችኛው እሸት ማበጥ ሲጀምር ጫፉን በጣታችሁ ቀንጥሱት። ተባዩ የሚወደው እዚያችን ነው። ገና ያልተወረረውን ጫፍ አትጣሉት፤ እንደ ጎመን ይበሰላል፣ ይጣፍጣልም።

6. ሽንኩርት

ቀይ ሽንኩርት ከዘር ማብቀል ትዕግሥት ይፈጃል። ትንንሽ ኮረት ግዙ። ሬድ ባሮን የሚባለው በየሱቁ አለ። ቀዩ ከነጩ ይልቅ ሳያፈራ አበባ የማውጣት አመል አለበት፤ በሙቀት የታከመ የሚል ጽሑፍ ያለበትን ብትመርጡ አመሉ ይቀንሳል። ማርች መጨረሻ ላይ ትከሉ። ደረቁን ጫፍ በመቀስ ቁረጡ፤ ካልሆነ ወፎች እየጎተቱ ይነቅሉታል። በጣት ጉድጓድ አድርጋችሁ ጫፉ ብቅ እስኪል ቅበሩት። ጠንካራ አፈር ላይ ጨቁናችሁ አትጠቅጥቁት፣ ሥር ሲያወጣ ራሱን ወደ ላይ ይገፋል። በመካከሉ 10 ሳንቲሜትር ይበቃዋል።

ነጭ ሽንኩርት አሁን ለመትከል ረፍዷል። ብርድ ካላየ ሳይከፋፈል አንድ ድፍን ራስ ሆኖ ይቀራል። ለኦክቶበር ያዙት።

7. ጎመን

የሐበሻ ጎመን ዘር እዚህ አገር ይሸጣል፤ ቴክስል ግሪንስ ወይም አቢሲኒያን ካቤጅ በሚል ስም ፈልጉት። ከአገር ቤት በሻንጣ ከማምጣት ይኼ ይቀላል፤ ከውጭ የሚገባ የተክል ዘር የእፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ሊጠየቅበት ይችላል፣ ኤርፖርት ላይ ይወሰዳል።

ማርች አጋማሽ ላይ የችግኝ ሳህን ላይ ሁለት ሁለት ፍሬ ዝሩ። ሲበቅል ደካማውን ንቀሉ። አራት አምስት ቅጠል ሲያወጣ፣ ኤፕሪል ላይ፣ መደቡ ላይ በ30 ሳንቲሜትር ርቀት ትከሉት። ፈጣን ነው፤ ቅጠሉ በሁለት ወር ግድም መቀንጠስ ይጀምራል።

ጠላቱ እርግብ ነው። የዱሩ እርግብ ጠዋት ማልዶ ይመጣና ግንዱን ብቻ አስቀርቶ ይሄዳል። በተከላችሁበት ሰዓት መረብ አልብሱት፣ ነገ አትበሉ። መረቡ ቅጠሉን እንዳይነካ በቀስት ሽቦ ከፍ አድርጉት፣ ዳሩንም መሬት ላይ አጥብቁት። ካልጠበቀ ወፍ ገብቶ ይጠመድበታል።

ቀንድ አውጣና ዛጎል የሌለው ዘመዱ፣ እዚህ ስላግ የሚሉት፣ ሌላው ፈተና ነው። ሜታልዴሃይድ ያለበት ሰማያዊ መርዝ ከ2022 ጸደይ ጀምሮ ተከልክሏል፤ ሼድ ውስጥ የተረሳ ካላችሁ ካውንስሉ የኬሚካል ማስወገጃ ቦታ ውሰዱት። ፌሪክ ፎስፌት ያለበት ይፈቀዳል። ከሁሉም የሚሠራው ግን ዝናብ ባባራ ማታ ባትሪ ይዞ መልቀም ነው።

8. ዙሪያውን

በኦተም የሚያፈራ ራዝበሪ ካላችሁ ሳያቆጠቁጥ ከሥሩ ቁረጡት። ፖም ለመግረዝ የማርች መጀመሪያ የመጨረሻው ዕድል ነው፤ ፕለምን ግን እስከ በጋ አትንኩት፣ በብርድ ከተቆረጠ በሽታ ይገባዋል። አጥር ከመከርከማችሁ በፊት የወፍ ጎጆ እዩ። ወፍ እየተጠቀመበት ያለ ጎጆን ማፍረስ በሕግ ያስጠይቃል።

ጤና አዳም ክረምቱን ካለፈ ውርጩ ካበቃ በኋላ ከርከም አድርጉት፤ ለቡና የሚሆን ለምለም ቅጠል ያወጣል። ጓንት ልበሱ። ፈሳሹ ቆዳ ነክቶ ፀሐይ ካገኘው ውኃ ይቋጥራል።

አብሽ የዘራችሁ እንደሆነ ጎረቤት «ገልብጠህ ቅበረው» ቢላችሁ አትደነቁ። እዚህ አፈር ለማዳበር የሚዘሩት ነው፣ ፍሬውን አይጠብቁትም።

9. የመስኮት ሥራና ውርጭ

ቃሪያና ቲማቲም ማርች ላይ ቤት ውስጥ ይዘራሉ። ቃሪያው 20 ዲግሪ አካባቢ ይፈልጋል፣ ለመብቀልም ይለግማል፤ እስከ ሦስት ሳምንት ቢፈጅ ተስፋ አትቁረጡ። ከበቀለ በኋላ ከማሞቂያው አንስታችሁ ብርሃን በደንብ ወዳለበት መስኮት አዙሩት። በሶብላ እስከ ኤፕሪል ይቆይ።

ለንደን ውስጥ የመጨረሻው ውርጭ ብዙ ጊዜ ኤፕሪል ማለቂያ ላይ ነው። ሰሜን ላይ ሜይን ሊሻገር ይችላል። የአየር ትንበያው «ዛሬ ሌሊት 3 ዲግሪ» ሲል ተረጋግታችሁ አትተኙ። ያ ቁጥር የሚለካው ከመሬት 1.25 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ሰማዩ ጥርት ባለበት፣ ነፋስ በሌለበት ሌሊት ችግኙ ያለበት መሬት ከዚያ ይበርዳል፣ ዜሮም ይገባል። ስስ ነጭ ሽፋን፣ ፍሊስ የሚሉትን፣ ከመምሸቱ በፊት አልብሱና ጠዋት ግለጡ።

ቃሪያውን ወደ ውጭ ከማዛወራችሁ በፊት ሳምንት ያህል ቀን ቀን አውጥታችሁ ማታ ማታ አስገቡት። ቲማቲሙም እንዲሁ ይሁን። በሶብላው ከሁሉም በኋላ ይውጣ፤ ጁን ሳይገባ ከመስኮቱ አታንሱት።